ሦስት ኔትወርክ ካርድ ባለው ሰርቨር ላይ ዲኤችሲፒ፦ አድራሻው ለምን በማይመለከተው በር ወጣ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ። ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት፣ ሦስት ኔትወርክ ካርድ ያለው አንድ ሰርቨር አለን። አንደኛው ካርድ ከኢንተርኔት ሞደሙ ጋር ተገናኝቶ አድራሻውን ከሞደሙ ይቀበላል። ሁለተኛው ወደ ቤተ ሙከራው 40 ኮምፒውተሮች፣ ሦስተኛው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ ይሄዳል። ለሦስተኛው ካርድ 192.168.1.200 የሚል አድራሻ ሰጥቼ፣ አይኤስሲ የተባለ ድርጅት ያዘጋጀውን ዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን ፕሮግራም፣ ጫንኩና ለሁለቱም ክፍሎች እንዲያድል አዘጋጀሁት። ቤተ መጻሕፍቱ አንዳንዴ ይሠራል። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ግን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛሉ። የባሰው ደግሞ በቀጥታ ከሞደሙ ጋር የተገናኙት የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት ይቋረጥባቸዋል። በአንደኛው ካርድ ላይ ፖርት 67ን በፋየርዎል ብዘጋውም ለውጥ የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አገልግሎቱ ጭራሽ አይነሣም። አንድ ባልደረባዬ አንድ ማሽን ለሁለት ኔትወርክ ማደል ስለማይችል ሁለተኛ ሰርቨር ይገዛ ይላል። እንግዛ?»

ምላሽ፦ አትግዙ። አንድ ማሽን ለሁለት ቀርቶ ለሃያ ኔትወርክም አድራሻ ማደል ይችላል፤ ባልደረባዎ ተሳስተዋል። ሁለተኛ ሰርቨር ቢገዛ ዛሬ አንድ ቦታ ያለው ችግር ነገ ሁለት ቦታ ይሆናል። ስሕተቱ ሌላ ነው፤ ለሦስተኛው ካርድ የሰጡት ቁጥር የሞደሙ ሰፈር ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ካርድ ቁጥር የለውም፤ ሰርቨሩም በየትኛው ካርድ ላይ ዝም ማለት እንዳለበት አልተነገረውም።

አዲስ የበራ ኮምፒውተር የመሸበት እንግዳ ማለት ነው። ማንንም አያውቅም፤ አጥሩ ሥር ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ይህ ጥሪ ዲስከቨር ይባላል፤ የላኪው አድራሻ 0.0.0.0፣ የተቀባዩ 255.255.255.255 ነው፤ «የሰማ ሁሉ» ማለት ነው። በዩዲፒ ፖርት 67 የሚያዳምጥ ሰርቨር «ይህ ቁጥር አለኝ» ይላል፤ እንግዳው «እሱን ስጠኝ» ይላል፤ ሰርቨሩም መዝግቦ ያጸድቅለታል። አራት መልእክት ብቻ ነው፤ ዛሬም የምንሠራበት ዋናው ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የወጣው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ጥሪው ራውተር አይሻገርም፤ የሚሰማው በዚያው ገመድና ስዊች ላይ ብቻ ነው። እንግዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። መላሹ የቤቱ ጌታ ይሁን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ የነበረ መንገደኛ የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

የእርስዎ ሰርቨር ሦስት በር ያለው ቤት ነው። ጥሪ ሲሰማ ከየትኛው የአድራሻ ክልል እንደሚሰጥ በምን ይወስናል? ብዙ ሰው በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ «ለቤተ መጻሕፍት» ብሎ ስለጻፈ ሰርቨሩ የተረዳለት ይመስለዋል። ያ ጽሑፍ ለሰው ነው። ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሪው የገባበት ካርድ ራሱ የያዘውን አይፒ አድራሻ። ያ አድራሻ በፋይሉ ከተገለጹት ሰብኔቶች (የአድራሻ ሰፈሮች) ውስጥ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይፈልጋል፤ ከገጠመው ክልል ቁጥር ይሰጣል፤ ካልገጠመ ጥሪውን እንዳልሰማ ያልፈዋል። ስለዚህ ዲኤችሲፒን ማዋቀር የሚጀመረው ከዲኤችሲፒው ፋይል አይደለም፤ ከካርዶቹ አድራሻ ነው። ካርዶቹ ከተሳሳቱ ፋይሉን መቶ ጊዜ ቢጽፉት ውጤቱ ያው ነው።

በዚህ ዓይን የእርስዎን ጉዳይ እንየው። የሂሳብ ክፍሉ አቤቱታ እንደሚነግረኝ፣ የሞደሙ ኔትወርክ ብዙ ሞደሞች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት 192.168.1.0 ነው። አንደኛው ካርድ ከሞደሙ በ192.168.1 የሚጀምር ቁጥር ተቀብሏል። ለሦስተኛው ካርድ የሰጡት 192.168.1.200ም የዚያው ሰፈር ቁጥር ነው። ስለዚህ «ለቤተ መጻሕፍት» ብለው የጻፉት የ192.168.1.0 መግለጫ ከሁለቱም ካርዶች ጋር ገጠመ። ሰርቨሩ በሁለቱም በር ማደል ጀመረ። የሥርዓቱን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ቢከፍቱ ከአንድ በላይ ካርድ ከአንድ ሰብኔት ጋር መገጣጠሙን የሚያስጠነቅቅ መስመር ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ሰርቨሩ ነግሮዎታል፣ ግን ሎግ የሚያነብ ጥቂት ነው።

የሂሳብ ክፍሉ መከራ የመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲያበሩ ጥሪያቸውን ሞደሙም የእርስዎ ሰርቨርም ይሰማሉ። ሞደሙ ከቀደመ ቀኑ ሰላም ይሆናል። ሰርቨሩ ከቀደመ ግን ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ውጭ መውጫ በር፣ ሆኖ የሚሰጣቸው 192.168.1.200 ነው፤ ይህም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያመራ፣ ከወዲያ ማዶ መውጫ የሌለው በር ነው። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ኢንተርኔት ኖሮ ሌላው ላይ የሚጠፋው፣ ነገ ደግሞ የሚገላበጠው በዚህ ሽቅድምድም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ «አንዳንዴ» የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ካርድ አንድ ሰፈር ውስጥ ሲሆን ሰርቨሩ ለአንድ ስልክ የሚልከውን መልስ በየትኛው በር ማውጣት እንዳለበት ይምታታበታል።

ይህን ስሕተት የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አሮጌ የዋይፋይ ራውተር ጨምሬ ስወጣ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ከፕሪንተሩ ተለያየ። ተመልሼ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አቦሉ ላይ ኬብል ቀየርኩ፣ ቶናው ላይ ስዊች ቀየርኩ፣ በረካው ሲቀዳ ነው በመጨረሻ የኮምፒውተሩን የአድራሻ ዝርዝር ከፍቼ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለውን መስመር ያነበብኩት። አድራሻውን የሰጠው እኔው ራሴ የጨመርኩት ራውተር ነበር። እርስዎም ከሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ፦ ችግር ባለበት የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ በትእዛዝ መስኮቱ የአይፒኮንፊግን ሙሉ ዝርዝር ያውጡና ያችን አንዲት መስመር ይመልከቱ። የሞደሙ አድራሻ ካልሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

ወደ ቤተ ሙከራው ስንመጣ ለሁለተኛው ካርድ ምን አድራሻ እንደሰጡ በጥያቄዎ አላነሡም፤ ከምልክቱ ስነሣ ምንም አልሰጡትም። «አዳዩ እሱ አይደለም እንዴ፣ ለራሱ አያጣም» የሚል ግምት በጣም የተለመደ ነው። አዳይ ለራሱ አያድልም። አድራሻ የሌለው ካርድ ከየትኛውም ሰብኔት ጋር ስለማይገጥም ሰርቨሩ በዚያ በር የሚመጣን ጥሪ ሁሉ ችላ ይላል፤ ይህም በሎጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። በ169.254 የሚጀምረው ቁጥር ደግሞ አንዳንዶች እንደሚሉት ቫይረስ አይደለም፤ ከሞደሙም የመጣ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጠርቶ ጠርቶ መላሽ ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው የብቸኝነት ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ካዩ ትርጉሙ «ጥሪዬን የመለሰ የለም» ነው፤ ፍለጋዎን ከዚያ ይጀምሩ።

ፋየርዎሉ ለምን አልሠራም? የአይኤስሲ ሰርቨር በሊኑክስ ላይ ገና አድራሻ የሌላቸውን እንግዶች ለመስማት መልእክቶቹን የሚያነሣው በቀጥታ ከካርዱ ላይ ነው፤ ፋየርዎሉ ፖርት 67ን ከመመልከቱ በፊት ማለት ነው። ዋናውን በር ቆልፈው እንግዳው በመስኮት ሲያወራ እንደማግኘት ነው። ስለዚህ ፋየርዎል ለዚህ ሰርቨር ልጓም አይሆንም። ልጓሙ ሰርቨሩን በዚያ ካርድ ጭራሽ እንዳያዳምጥ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። አንደኛው ካርድ እንደነበረው ይቆይ፤ አድራሻውን ከሞደሙ ይቀበል። መውጫ ጌትዌይ የሚኖረው ይህ ካርድ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ካርድ ላይ ጌትዌይ የሚለውን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ እዚያም ከሞሉ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ኢንተርኔት መውጫው ይጠፋበታል። ለሁለተኛው ካርድ 10.20.1.1 ከ255.255.255.0 ማስክ (የሰፈሩን ስፋት ከሚወስነው ቁጥር) ጋር፣ ለሦስተኛው 10.20.2.1 ከ255.255.254.0 ማስክ ጋር ቋሚ አድራሻ ይስጡ። ለቤተ መጻሕፍቱ ሰፋ ያለውን ማስክ የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ማስክ 254 አድራሻ፣ ሁለተኛው 510 ይይዛል፤ ተማሪ ደግሞ ስልኩን ይዞ ነው የሚመጣው። ሦስቱ ኔትወርኮች ፈጽሞ መደራረብ የለባቸውም።

ለማደያው ፕሮግራም የአይኤስሲውን አሮጌ ሰርቨር ይንቀሉት። ለረጅም ዘመን በታማኝነት አገልግሏል፤ አዘጋጆቹ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ ጥገናውን ማቆማቸውን አስታውቀው ተተኪ ባደረጉት ኬያ ላይ እየሠሩ ነው። ኬያ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሕንፃ ላለው ተቋም ይገባል። ለ40 ኮምፒውተርና ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ግን የእኔ ምክር ዲኤንኤስማስክ ነው። ትንሽ ነው፣ ፋይሉ በአንድ ገጽ ያልቃል፣ የዲኤንኤስ ጥያቄንም፣ ማለትም «የዚህ ድረ ገጽ ስም አድራሻው ስንት ነው?» የሚለውን፣ እግረ መንገዱን ይመልሳል። በፋይሉ ውስጥ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ካርድ ስም ብቻ «ኢንተርፌስ» በሚለው ቃል ይጥሩ፤ የአንደኛው ካርድ ስም ዲኤችሲፒ ከማይሰጥባቸው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ከዚያም ሁለት ክልል፦ ለቤተ ሙከራው ከ10.20.1.100 እስከ 10.20.1.200፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ከ10.20.2.50 እስከ 10.20.3.250። ለሞደሙ ሰብኔት ምንም ክልል አይጻፍ።

በኡቡንቱ ላይ ይህን ሲጭኑ ፖርት 53 ተይዟል የሚል ስሕተት ሊገጥምዎት ይችላል፤ የያዘው የሥርዓቱ የራሱ ዲኤንኤስ መላሽ ነው። እሱን መግደል አያስፈልግም። «ባይንድ ዳይናሚክ» የሚባለውን አማራጭ ቢያበሩ ዲኤንኤስማስክ የተጠሩለትን ካርዶች አድራሻ ብቻ ይይዛል፤ ሁለቱ ሳይጋጩ ይኖራሉ። ካርዱ ዘግይቶ ቢነሣም ይጠብቀዋል፤ ይህም የመብራቱን ጉዳይ ይነካል።

መብራት ሲመለስ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰርቨሩም ስዊቹም እኩል ይበራሉ፤ ስዊቹ ግን እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ክፍተት ካርዱ ኬብል ያልተሰካበት ይመስለውና አድራሻውን አይይዝም። የእርስዎ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ይነሣል፣ አድራሻ ያለው ካርድ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ የማዳምጥበት ካርድ የለም ብሎ ይወጣል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁሉ ሰላም ሲሆን እሱ የለም። ስለዚህ ከላይ ያልኩት አማራጭ ላይ ሁለት ነገር ይጨምሩ፤ ካርዶቹ ኬብሉ ሕይወት ባይኖረውም ቋሚ አድራሻቸውን እንዲይዙ፣ አገልግሎቱም ቢወድቅ በራሱ እንደገና እንዲነሣ ያድርጉ። ሰርቨሩንና ስዊቹን በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ደግሞ ለሰርቨር ግዢ ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ቢወስድ የማይጸጽት ወጪ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሰው ኮምፒውተሮቹ ትክክለኛ አድራሻ ይዘው ኢንተርኔት ባይኖራቸው አይደንግጡ። ዲኤችሲፒ ቁጥር ይሰጣል እንጂ መንገድ አይከፍትም። ሰርቨሩ ከአንዱ ካርድ የገባውን በሌላው እንዲያሳልፍ የከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) የአይፒ ማስተላለፊያ ማብራት አለብዎት፤ ሞደሙም 10.20 የሚባል ሰፈር ስለማያውቅ በአንደኛው ካርድ ላይ የአድራሻ ትርጉም፣ ናት የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ማስተላለፊያውን ሲያበሩ ያሰቡት በር ብቻ አይደለም የሚከፈተው። የቤተ መጻሕፍቱ ስልኮች ወደ ቤተ ሙከራው መድረስ ይችላሉ፤ የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮችም በመውጫው መንገድ ላይ ስለተቀመጡ ለተማሪ ስልክ ይገለጣሉ። ፋየርዎሉ እውነተኛ ሥራውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ከሦስተኛው ካርድ ወደ ሁለተኛው፣ እንዲሁም ከሦስተኛው ወደ 192.168.1.0 በሙሉ የሚያልፈውን ይዝጉ። ኢንተርኔቱን አይነካም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት መድረሻው ሌላ ነው፣ የዲኤንኤስ ጥያቄውንም የሚመልሰው ሰርቨሩ ራሱ ነው። ይህን ሳያደርጉ ዋይፋዩን ለተማሪ አይክፈቱ።

የኪራይ ዘመኑን፣ ማለትም አንድ ኮምፒውተር የተሰጠውን ቁጥር ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ለሁለቱ ክፍሎች አንድ አያድርጉት። የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር የትም አይሄድምና አንድ ቀን ይበቃዋል። ቤተ መጻሕፍት የሚገባና የሚወጣ የሚበዛበት ነውና ሁለት ሰዓት ያድርጉት፤ አለዚያ ጠዋት ገብቶ የወጣ ተማሪ ቁጥሩን ይዞ ይውላል። ለፕሪንተርና ለመምህሩ ኮምፒውተር በካርድ መለያ ቁጥር ቋሚ ቦታ መያዝ ይቻላል። ለስልክ ግን አይሞክሩት፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ መለያ ስለሚያቀርቡ ዝርዝርዎ ብዙም ሳይቆይ የማይታመን ይሆናል።

የቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ መሣሪያ ከሱቅ የተገዛ ተራ የቤት ራውተር ከሆነ እሱም በሆዱ የራሱ ዲኤችሲፒ አለው። ያጥፉት። ኬብሉንም ኢንተርኔት ወይም ዋን ከሚለው ቀዳዳ አውጥተው ላን ከሚሉት በአንዱ ይሰኩት፤ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ደግሞ ከክልሉ ውጭ፣ ለምሳሌ 10.20.2.2 ያድርጉት። ይህ ካልተደረገ የእርስዎን ጥንቃቄ ሁሉ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ያፈርሰዋል።

ይህ አደረጃጀት ወሰን አለው። ነገ አዲስ ሕንፃ ቢሠራና አራተኛ፣ አምስተኛ ኔትወርክ ቢያስፈልግ ካርድ እየደረደሩ አይሂዱ። ያኔ ቪላን (አንድን ስዊች ለብዙ ኔትወርክ የሚከፋፍለውን ዘዴ) የሚችል የሚተዳደር ስዊች ይገዛና ኔትወርኮቹ በአንድ ኬብል ተለያይተው ይመጣሉ። በመካከል ራውተር ካለም ጥሪውን ወስዶ ለሰርቨሩ የሚያደርስ ሪሌይ አለ፤ ሪሌዩ ጥሪው የመጣበትን ሰፈር አድራሻ በመልእክቱ ላይ ስለሚጽፍ ሰርቨሩ ክልሉን ከዚያ ይመርጣል። እንዲህ ያለው ስዊች ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙውን ጊዜ የዲኤችሲፒ መልስ ከተፈቀደው ቀዳዳ በቀር ከየትም እንዳይገባ እንዲከለክል ማዘዝ ይቻላል፣ አንድ መምህር ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ቢሰካ እንኳ።

ሥራውን ቅዳሜ ይጀምሩት፣ ሂሳብ ክፍል ባዶ ሲሆን። መጀመሪያ አሮጌውን አገልግሎት ያቁሙ፣ ከዚያ የካርዶቹን አድራሻ ያስተካክሉ፣ ዲኤንኤስማስክን በመጨረሻ ያስነሡ። አንድ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ብቻ ያብሩና በሰርቨሩ ላይ በቲሲፒደምፕ የሁለተኛውን ካርድ ፖርት 67 እና 68 ያዳምጡ፤ አራቱ መልእክቶች በተራ ሲያልፉ ማየት አለብዎት። ጥሪ አይተው መልስ ካላዩ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ጥሪም ካላዩ ኬብሉን ወይም ስዊቹን ይጠርጥሩ። ከዚያ ያንኑ በአንደኛው ካርድ ላይ ይድገሙት፤ የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ሲበራ ጥሪው ሊሰማ ይችላል፣ ከእርስዎ ሰርቨር ግን አንድም መልስ መውጣት የለበትም። አንድም ካዩ ወደ ካርድ ዝርዝሩ ይመለሱ።

የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች የአሮጌውን ኪራይ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ አገልግሎቱ ቢቆምም ጌትዌያቸው 192.168.1.200 እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ቅዳሜውኑ እያንዳንዳቸውን ዞረው አድራሻውን ያስለቅቁና እንደ አዲስ ያስጠይቁ። «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» በሚለው መስመር ላይ የሞደሙን አድራሻ በሁሉም ላይ ሳያነቡ ቁልፉን አይመልሱ።